ሰርቨሩን ራሱን ጠይቁት፦ የሁለቱ ሲግሩፖች ታሪክ

በሜይ 1991 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገቡ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ኦገስት 25 ቀን፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በትርፍ ጊዜው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑን በኢንተርኔት አሳወቀ። ሁለቱን ነገሮች ከዓመቱ በቀር የሚያገናኛቸው የለም። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከአውሮፕላን የወረደው ሕፃን ዛሬ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ያለ ጎልማሳ ነው፤ ሊኑክስም እኩያው ነው። በቂርያት መላኺ፣ በገደራና በያቭኔ ካደጉት ከነዚያ ልጆችና ከታናናሾቻቸው መካከል ዛሬ እንጀራቸው ሊኑክስ የሆነ አሉ። አንዳንዱ ሙያውን በውትድርና ቀሰመ፣ አንዳንዱ በኮሌጅ፤ አንዳንዱም አሸር ኤልያስ በመሠረተው፣ መጀመሪያ በናሕሾን ኪቡጽ ኋላም በሎድ ወጣቶቻችንን ባስተማረው በቴክ ካሪየር በኩል አለፈ። ቤት ሲገባ «ልጄ፣ ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» ሲባል «ኮምፒውተር ነው» ብሎ ይገላገላል። ያ ያልተብራራው ሥራ ውስጥ ገብተን አንዲት ትንሽ ጥያቄ እንመልከት።

ጥያቄዋ ይህች ናት፦ ይህ ሰርቨር የሚሠራው በሲግሩፕ ስሪት አንድ ነው ወይስ በስሪት ሁለት? በአንድ መስመር ትእዛዝ መልስ ይገኝላታል። ዳሩ ግን ብዙ ባለሙያ ትእዛዙን ሳይሰጥ በግምት ያልፋታል፤ የሊኑክሱን ስም አይቶ፣ የከርነሉን ቁጥር አይቶ «ገባኝ» ይላል። የእኔ ክርክር ሲግሩፕ ያለፈበት መንገድ ለግምት ቦታ የሚተው አይደለም የሚል ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ነገሩ ምን እንደሆነ። በአንድ ሰርቨር ላይ አንድ የሽያጭ ፕሮግራም፣ አንድ ዳታቤዝና በየሌሊቱ የሚነሣ ባክአፕ አብረው ይሠራሉ እንበል። አንዱ ሜሞሪውን ጠቅልሎ ከወሰደ ሌሎቹ ይሞታሉ። ሲግሩፕ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ፕሮሰሶችን (በመሥራት ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን) በቡድን በቡድን አድርጎ ለየቡድኑ «ይህን ያህል ሜሞሪ፣ ይህን ያህል የሲፒዩ ጊዜ፣ ይህን ያህል ዲስክ» ብሎ ልክ የሚያበጅበት ሥርዓት ነው። ዶከር፣ ፖድማን፣ ኩበርኔቲስ የምንላቸው፣ ፕሮግራምን በታጠረ ቡድን (በኮንቴይነር) የሚያስኬዱ መሣሪያዎች ሁሉ ልክ ማበጀት ሲያስፈልጋቸው የሚሄዱት ወደዚሁ ነው።

ማሽንን የመከፋፈል ሐሳብ ከሊኑክስ በፊት የነበረ ነው። በ1979 ዩኒክስ ላይ «ቺሩት» መጣ፤ በ2000 ፍሪቢኤስዲ «ጄይል» የሚባለውን አወጣ፤ በ2005 ሶላሪስ 10 ዞኖቹን ይዞ ደረሰ። ሊኑክስ ግን እስከ 2006 ድረስ በራሱ ከርነል ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የተሟላ መልስ አልነበረውም። በዚያ ዓመት መጸው ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ እዚህ እስራኤል አንዱ አሜሪካ፣ ሁለት የተለያዩ መልሶች ይዘው ቀረቡ። እዚህ ኩምራኔት የተባለው ጀማሪ ኩባንያ መሐንዲስ አቪ ኪቪቲ ኬቪኤምን በኦክቶበር 2006 ለከርነሉ ማኅበረሰብ አቀረበ፤ በፌብሩዋሪ 2007 በሊኑክስ 2.6.20 ውስጥ ገባ፤ በሴፕቴምበር 2008 ሬድ ሃት ኩባንያውን በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የኬቪኤም መንገድ በማሽን ውስጥ ሌላ ሙሉ ማሽን፣ የራሱ ከርነል ያለው፣ ማስነሣት ነው። የጉግል መሐንዲሶች ፖል ሜናጅና ሮሂት ሴት ደግሞ ከርነሉ አንድ ይሁን፣ ፕሮሰሶቹ ግን በቡድን ይታጠሩ አሉ። ይህን ልዩነት አንባቢ ያስቀምጥልኝ፤ በኋላ ለምርመራው ይጠቅመናል።

የጉግሎቹ ሥራ መጀመሪያ «ፕሮሰስ ኮንቴይነር» ይባል ነበር። በ2007 መጨረሻ አካባቢ ከሌሎች ኮንቴይነሮች ጋር እንዳይምታታ «ኮንትሮል ግሩፕ»፣ በአጭሩ ሲግሩፕ፣ ተባለና በጃንዋሪ 2008 ሊኑክስ 2.6.24 ውስጥ ገባ። የሜሞሪውን ልክ የሚያስከብረው ክፍል፣ ማለትም የሜሞሪው ኮንትሮለር፣ የአይቢኤሙ ባልቢር ሲንግ ዋነኛ እጅ ያለበት፣ በኤፕሪል በ2.6.25 ተከተለ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በማርች 2013፣ ሶሎሞን ሃይክስ ዶከርን ለሕዝብ ሲያሳይ ከሥር ዝግጁ ሆኖ የጠበቀው ይኸው ስሪት አንድ ነበር። ኮንቴይነር ዓለምን ያጥለቀለቀው በስሪት አንድ ላይ ቆሞ ነው፤ የኋላው ጣጣም ከዚህ ይጀምራል።

ስሪት አንድ የተሠራው በነፃነት መንፈስ ነበር። ሜሞሪ የራሱ ዛፍ ይኑረው፣ ሲፒዩ የራሱ፣ ዲስክ የራሱ። አንድ ፕሮሰስ በሜሞሪው ዛፍ በአንድ ቡድን፣ በዲስኩ ዛፍ በሌላ ቡድን መግባት ይችላል። ወረቀት ላይ ያማረ ነው። ሥራ ላይ ግን ዛፎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። የሌሊቱን ባክአፕ እንውሰድ። አስተዳዳሪው «ዲስክ ላይ በሰከንድ ከ10 ሜጋባይት በላይ እንዳትጽፍ» ብሎ ልክ ያበጅለታል። ባክአፑ ሲጽፍ ግን ጽሑፉ በቀጥታ ዲስክ ላይ አያርፍም፤ መጀመሪያ ሜሞሪ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቆየት ብሎ የከርነሉ የራሱ ሠራተኛ ወደ ዲስኩ ያወርደዋል። በዚያ ሰዓት የዲስኩ ዛፍ የሚያየው የከርነሉን ሠራተኛ እንጂ ባክአፑን አይደለም። ጽሑፉ የማን እንደነበር የሜሞሪው ዛፍ ያውቃል፣ ግን የሁለቱ ዛፎች ቡድኖች አንድ ስላልሆኑ ሊነግረው አይችልም። ስለዚህ ልኩ ተበጅቶለታል የተባለው ባክአፕ እንደልቡ ይጽፋል፣ ዳታቤዙም ያቃስታል። ሰው ሁሉ ዶከርን እያደነቀ ባለበት በዚያ ዘመን ይህ ቀዳዳ ክፍት ነበር ቢባል ብዙዎች አያምኑም።

የፋይሎቹም ስም ሌላ ራስ ምታት ነበር። የሜሞሪው ልክ «ሜሞሪ.ሊሚት_ኢን_ባይትስ»፣ የሲፒዩው «ሲፒዩ.ሲኤፍኤስ_ኮታ_ዩኤስ»፣ ድርሻው ደግሞ «ሲፒዩ.ሼርስ»፤ ሁሉም እንደየጸሐፊው ፈቃድ የተሰየመ ነው። በስሪት ሁለት «ሜሞሪ.ማክስ»፣ «ሲፒዩ.ማክስ»፣ «ሲፒዩ.ዌይት» ሆኑ፤ ያማሩና አጫጭር ናቸው። ነገር ግን የድሮውን ስም እየፈለገ የተጻፈ ፕሮግራም ሁሉ በዚያች ለውጥ ዕውር ሆነ።

ስሪት ሁለትን በዋናነት ያዋቀረው ቴጁን ሂዮ ነው። ብዙ ዛፍ ይቅርና አንድ ዛፍ ይሁን አለ፤ ሁሉም ኮንትሮለር በዚያ ላይ ይሰለፍ፣ ሜሞሪው የሚያውቀውን ዲስኩም ይወቅ። ሥራው ገና በሙከራ ላይ ሳለ ለማብራት የሚሰጠው ምርጫ «ሴን ቢሄቪየር»፣ ማለትም ጤነኛ ጠባይ፣ ይባል ነበር፤ ስለ ስሪት አንድ ምን ያስብ እንደነበር ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም። አንዱ ዛፍ በኦገስት 2014 በ3.16 ለሙከራ ቀረበ፣ በማርች 2016 በ4.5 በይፋ ተመረቀ።

ተመረቀ እንጂ አልተሟላም። በ4.5 ውስጥ የሲፒዩ ኮንትሮለር አልነበረም። የከርነሉን የሲፒዩ ድልድል የያዙት ሰዎች፣ በተለይ ፒተር ዚልስትራ፣ የአንድ ፕሮሰስ ክሮች (ትሬዶች) ለየብቻ መመደብ አለባቸው ብለው አጥብቀው ያዙ፤ ሂዮ ደግሞ ለሜሞሪ ይህ ትርጉም የለውም ይል ነበር። ሁለቱም ወገኖች በየራሳቸው ቤት ልክ ነበሩ፤ ክርክሩ የረዘመውም ለዚህ ነው። ዕርቁ የመጣው ለክሮች የተለየ አሠራር በኖቬምበር 2017 በ4.14 ሲፈቀድ ነው፤ የሲፒዩው ኮንትሮለር በጃንዋሪ 2018 በ4.15 ገባ። ፕሮሰሶችን ለጊዜው የሚያቆመው «ፍሪዘር» እስከ ጁላይ 2019፣ እስከ 5.2 ድረስ፣ ዘገየ። ከ2016 እስከ 2019 ያለው ጊዜ እንግዲህ ስሪት ሁለት «አለ» ተብሎ ብዙ ሰው ግን የማይጠቀምበት ጊዜ ነበር።

የከርነል ቁጥር ምንም አይነግርም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 8 በሜይ 2019 ሲወጣ ከርነሉ 4.18 ነበር፤ ስሪት ሁለትን አሳምሮ ይችላል። ከፋብሪካው ሲመጣ የሚነሣው ግን በስሪት አንድ ነው። መቻልና ማድረግ የተለያዩ ናቸው።

የመጀመሪያውን ድፍረት ያደረገው ፌዶራ ነው። ኦክቶበር 29 ቀን 2019 የወጣው ፌዶራ 31 በስሪት ሁለት ተነሣ፤ በማግሥቱ ዶከር አልሠራም ያለ ሰው በዛ። ፖድማን «ሲራን» በተባለው ማስነሻ በኩል ይሠራ ነበር፤ ዶከር ግን ስሪት ሁለትን የተቀበለው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በዲሴምበር 2020፣ በ20.10 ነው። በዚያ መሐል ለባለሙያው የሚነገረው መድኃኒት አንድ ነበር፦ ማሽኑ ሲነሣ ለከርነሉ በሚሰጠው መስመር ላይ ወደ አሮጌው ስሪት የሚመልስ ቃል ጨምር። ጨመረ፣ ዶከር ሠራ፣ ቃሉም እዚያው ተረሳ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን ስንት ጊዜ ወደ አዲስ ፌዶራ ቢያሳድጉት ያች ቃል አብራ ልትሻገር ትችላለች። በስሙ ስሪት ሁለት መሆን የነበረበት ማሽን በስሪት አንድ ሲገኝ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይህ መስመር ነው።

ሌሎቹ ቀስ ብለው ተከተሉ፤ ደቢያን 11 በኦገስት 2021፣ ኡቡንቱ 21.10 በዚያው ዓመት ኦክቶበር፣ ሬድ ሃት 9 በሜይ 2022። አማዞን ሊኑክስ 2 በስሪት አንድ ነው፣ አማዞን ሊኑክስ 2023 በስሪት ሁለት። የአማዞን የእስራኤል ሪጅን በኦገስት 2023 ሲከፈት ሁለቱም በገበያ ላይ ነበሩ፤ አንድ ኩባንያ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱን ስሪቶች ጎን ለጎን ማስኬዱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ያቭኔን ያስታውሰኛል። የዛሬዋን የፋብሪካና የባቡር ጣቢያ ከተማ ማለቴ አይደለም፤ ቤተ መቅደሱ በ70 ከፈረሰ በኋላ ሊቃውንቱ የተሰበሰቡባትን ያቭኔ ነው። በዚያ ዘመን ወር የሚጀምረው አዲስ ጨረቃ ያዩ ምስክሮች መጥተው ሲመሰክሩ ነበር። ሚሽና እንደሚተርከው ራባን ጋምሊኤል በሰገነቱ የጨረቃን ልዩ ልዩ መልክ አስሥሎ፣ መግለጽ ለሚያዳግተው ምስክር ሥዕሎቹን እያሳየ ካየው ጋር የሚመሳሰለውን እንዲያመለክት ያደርገው ነበር። ሊቃውንቱ ሒሳቡን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ሒሳብ መሆን ያለበትን ይናገራል፣ ምስክር ግን የሆነውን። ከራባን ጋምሊኤል የተለየ ቀን የቆጠረው ራቢ ይሆሹዓም በራሱ ስሌት አስተስርዮ በሚውልበት ዕለት በትሩንና ገንዘቡን ይዞ ወደ ያቭኔ እንዲመጣ የታዘዘው በአንድ ሕዝብ ሁለት አቆጣጠር ሊጸና ስለማይችል ነው። ከርነሉም በዚህ ግትር ነው፤ አንድ ኮንትሮለር በአንድ ጊዜ ከሁለቱም ስሪቶች ጋር ሊቆም አይችልም። ሜሞሪ በስሪት አንድ ዛፍ ከተያዘ በስሪት ሁለት ዛፍ አይገኝም።

እንግዲህ ምስክሩን እንጥራ። «ሲስ» ከሚባለው ሥር «ኤፍኤስ»፣ ከዚያም ሥር «ሲግሩፕ» የሚባል ፎልደር አለ። «ስታት» የሚባለውን ትእዛዝ በዚያ ፎልደር ላይ ሰጥተን የፋይል ሥርዓቱን ዓይነት ብቻ እንዲነግረን እንጠይቀው። መልሱ «ሲግሩፕ2ኤፍኤስ» ከሆነ ስሪት ሁለት ነው። «ቲኤምፒኤፍኤስ» ከሆነ ስሪት አንድ ነው። ስታት ይህን የሚያውቀው ከርነሉ በየፋይል ሥርዓቱ ላይ ካሰረው መለያ ቁጥር ነው፤ የስሪት ሁለት ቁጥር በፊደል ሲነበብ «ሲ፣ ጂ፣ አር፣ ፒ» ይሆናል። ከርነል ጸሐፊዎችም መጫወት ያምራቸዋል።

ቲኤምፒኤፍኤስ ሲመጣ ግን ነገሩ አላለቀም። ማሽኑ ሲነሣ አገልግሎቶቹን የሚያስጀምረው ሲስተምዲ ለሽግግሩ ዘመን ያበጀው ድብልቅ አሠራር አለ፤ ኡቡንቱ 20.04 የሚነሣው በዚህ ነው። በዚህ አሠራር ፎልደሩ ቲኤምፒኤፍኤስ ሆኖ በውስጡ «ዩኒፋይድ» የሚባል ንዑስ ፎልደር ይገኛል፤ እሱ ስሪት ሁለት ነው። ይህን አይቶ «ስሪት ሁለት አለኝ» የሚል ሰው ይታለላል፤ ሲስተምዲ ፕሮሰሶችን የሚከታተልበት ባዶ ዛፍ ነው እንጂ ሜሞሪም ሲፒዩም ያሉት በስሪት አንድ ዛፎች ላይ ነው። ሌላው ወጥመድ ከርነሉ የሚያውቃቸው የፋይል ሥርዓቶች ዝርዝር ነው። «ሲግሩፕ2» የሚል መስመር እዚያ ቢገኝ ከርነሉ ይችላል ማለት ብቻ ነው፤ ሬድ ሃት 8ም ይችል ነበር።

ማረጋገጫ ለሚሻ ሁለተኛ ምስክር አለ፤ እያንዳንዱ ፕሮሰስ በ«ፕሮክ» ሥር የራሱን የሲግሩፕ አድራሻ የሚያስነብብበት ፋይል። በስሪት ሁለት በዜሮና በሁለት ነጥብ ምልክቶች የምትጀምር አንዲት መስመር ብቻ ትወጣለች። በስሪት አንድ ለየኮንትሮለሩ አንድ አንድ፣ ቁጥር የተሰጣቸው መስመሮች ይደረደራሉ። ስሪት ሁለት መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላም «ሲግሩፕ.ኮንትሮለርስ» የሚለውን ፋይል ከፍቶ ሜሞሪ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ማየት ይገባል። ለምሳሌ ራስቤሪ ፓይ ላይ ብዙ ጊዜ ሜሞሪው ከመነሻው ተዘግቶ ይመጣል፤ ስሪቱ ትክክል ሆኖ ልኩ ግን አይሠራም።

አሁን ቀደም ብዬ አስቀምጡልኝ ወዳልሁት ልዩነት ልመለስ። የኬቪኤም እንግዳ ማሽን የራሱ ከርነል ስላለው የራሱ የሲግሩፕ ስሪት አለው፤ አስተናጋጁ ስሪት አንድ ሆኖ እንግዳው ስሪት ሁለት ሊሆን ይችላል። ኮንቴይነር ግን የራሱ ከርነል የለውም። ኮንቴይነሩ «ኡቡንቱ 22.04 ነኝ» ብሎ ስሙን ቢናገር እውነቱን ነው፤ ይሁንና የሲግሩፑን ስሪት የሚወስነው ከሥሩ ያለው ማሽን ነው። በምስሉ ስም ስሪቱን የሚገምት ፕሮግራም ከአስተናጋጁ ጋር ሊጣረስ ይችላል፤ ስለዚህ ጥያቄው የሚጠየቀው ፕሮግራሙ በሚሠራበት ቦታ፣ በሚሠራበት ሰዓት ነው።

የስሕተቱ ዋጋ በጃቫ ላይ ጎልቶ ይታያል። 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ማሽን ላይ 2 ጊጋባይት የተፈቀደለት ኮንቴይነር አለ እንበል፤ በውስጡ አሮጌ ጃቫ 8 ይሠራል። ማሽኑ በስሪት አንድ ሳለ ጃቫው የሜሞሪውን ልክ የያዘውን ፋይል በድሮ ስሙ አግኝቶ ያነብባል፣ 2 ጊጋ መሆኑን ያውቃል፣ በልኩ ይኖራል። አንድ ቀን ሌሊት ማሽኑ ወደ ሬድ ሃት 9 ይሸጋገራል። ጃቫው ያንኑ ፋይል ይፈልጋል፤ የለም። አይጮኽም፣ አይቆምም። ልክ የለብኝም ብሎ ያስብና የማሽኑን 64 ጊጋ ያያል፤ እንደ ልማዱ ሩቡን፣ 16 ጊጋውን፣ ለራሱ ይመድባል። ጠዋት ደንበኛ ሲበዛ ሜሞሪው ያድጋል፣ 2 ጊጋ ላይ ሲደርስ ከርነሉ ያለማስጠንቀቂያ ይገድለዋል። በጃቫው መዝገብ ላይ አንዲት የስሕተት መስመር አትገኝም፤ የሚቀረው 137 የሚል የመውጫ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ አልተነካም፣ ኮንቴይነሩ አልተነካም፣ ሁሉም «እኔ ምንም አልቀየርኩም» ይላል፤ እውነታቸውንም ነው። ጃቫ ስሪት ሁለትን ማንበብ የጀመረው በ2020 በ15ኛው እትም ነው፤ ወደ 11 የተመለሰው በ2022 በ11.0.16፣ ወደ 8 የተመለሰው ደግሞ በ2023 በ8ዩ372 ነው። ከዚያ በታች ያለ ጃቫ በስሪት ሁለት ማሽን ላይ ልኩን አያይም።

ስሪት አንድ ከእንግዲህ ተመልሶ አይመጣም። ኩበርኔቲስ በኦገስት 2022 በ1.25 ስሪት ሁለትን አጽድቆ፣ በኦገስት 2024 በ1.31 ስሪት አንድን ጥገና ብቻ በሚደረግለት ተርታ አስቀመጠው። ሲስተምዲ 256 በጁን 2024 በግልጽ ካልታዘዘ በስሪት አንድ አልነሣም አለ፤ በሴፕቴምበር 2025 የወጣው 258 ጭራሹን አወጣው። ከርነሉም በ2024 በ6.11 የሜሞሪውን የስሪት አንድ ክፍል ለብቻው ለይቶ፣ ካልተመረጠ በቀር እንዳይገባ አደረገ። የከርነሉ ሰዎች የሰውን ፕሮግራም ላለመስበር ካላቸው ጥንቃቄ አንጻር፣ ይህን ያህል መሄዳቸው ፍርዱ መሰጠቱን ያሳያል።

ስለዚህ በገደራም ሆነ በቂርያት መላኺ ወይም በያቭኔ ሰርቨር በእጁ ላለ አንባቢ ጥሪዬ አጭር ነው። ከሌላ ሰው የተረከባችሁትን ማሽን ከመንካታችሁ በፊት ስታትን ጠይቁና መልሱን በርክክብ ሰነዱ ላይ ጻፉት። ቲኤምፒኤፍኤስ ካላችሁ የሽግግሩን ቀን እናንተ ራሳችሁ ቁረጡ፤ ካልቆረጣችሁ ቀጣዩ የሲስተምዲ ማሻሻያ ይቆርጥላችኋል። ከዚያ ቀን በፊት ደግሞ በየኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ጃቫ ስንተኛ እትም እንደሆነ አንድ በአንድ ፈትሹ።